ከራሱ የማይጨምር ምስክር

ምስክር የሰማውን እንዳይቀንስ፣ ያልሰማውንም እንዳይጨምር ይጠበቅበታል። መቀነስ ነውር መሆኑን ሁሉ ያውቃል። መጨመር ግን ያምራልና ብዙዎችን ይጥላል። ይህን በአንድ እንግሊዛዊ የእጅ ሥራ እንማረው።

ጊልበርት ብሪግስ ቀድሞ የጨርቅ ነጋዴ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1932 በዮርክሽር፣ ኢልክሊ በምትባል ከተማ፣ በቤቱ ምድር ቤት የመጀመሪያ ስፒከሩን ሠራ። ኢልክሊ በዋርፍ ወንዝ ሸለቆ ናትና ድርጅቱን በሸለቆው ስም ዋርፍዴል አለው። በሚቀጥለው ዓመት በብራድፎርድ ሬዲዮ ማኅበር ውድድር ስፒከሮቹ አንደኛና ሁለተኛ ወጡ።

አሁን ቀስ እንበል። በስፒከር ውስጥ፣ በማግኔት መካከል የተቀመጠ የሽቦ ጥቅል አለ። ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ይርገበገባል፤ ከእርሱ ጋር የተጣበቀው ወረቀትም አየሩን ይገፋል፤ ድምፅ የምንሰማው በዚህ ነው። ነገር ግን ወረቀቱ ከኋላው ያለውንም አየር ይመታል። ያ አየር ስፒከሩ የተቀመጠበትን ሣጥን ግድግዳ ያንቀጠቅጠዋል፤ ሣጥኑም የራሱን መናገር ይጀምራል። ሞቅ ያለ፣ ለጆሮ የሚጥም ድምፅ ሊሆን ይችላል። ዘፋኙ ግን አላለውም።

ብሪግስ ግድግዳውን በሁለት ስስ ጣውላ ሠርቶ መካከሉን በአሸዋ ሞላው። ቅንጣቶቹ እርስ በርስ ሲፋተጉ ንዝረቱን ይውጡታል፤ ሣጥኑም ዝም ይላል። ከሥራዎቹ ሁሉ እኔ ይህን አስበልጣለሁ።

ምስክርም እንደዚህ ሣጥን ዝም ማለት አለበት። መጥምቁ ዮሐንስን አስቡ። ማንነቱን ሲጠይቁት ራሱን ድምፅ ብሎ ጠራ። ቅዱስ አውግስጢኖስም ዮሐንስ ድምፅ፣ ክርስቶስ ቃል መሆኑን አስተምሯል፤ ድምፁ ቃሉን ወደ ልብ አድርሶ ያልፋል፣ ቃሉ ይኖራል። ሰባኪ የራሱን ግርማ ከቀላቀለበት ሕዝቡ የሣጥኑን ድምፅ ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል። ይህ ከባድ ጉዳት ነው፤ ሰሚው መለየት አይችልምና።

እንዲለይ ከተፈለገ ምስክሩ ከባለ ነገሩ ጎን መቆም አለበት። ብሪግስ ይህንንም አደረገ። በ1954 በለንደን ሮያል ፌስቲቫል አዳራሽ፣ በ1955 ደግሞ በኒውዮርክ ካርኔጊ አዳራሽ፣ የኳድ ኩባንያ መሥራች ፒተር ዎከር በአምፕሊፋየሮቹ እያገዘው፣ ሙዚቀኞች በአካል የሚጫወቱትንና ተቀድቶ በስፒከሮቹ የሚሰማውን ሕዝቡ በአንድ መድረክ እንዲያነጻጽር ጋበዘ።

በ1958 ድርጅቱን ራንክ ለተባለ ኩባንያ ሸጠ። አብሮት ይሠራ የነበረው መሐንዲስ ሬይመንድ ኩክ ወጥቶ በ1961 በኬንት፣ ሜይድስቶን፣ ኬኢኤፍ የተባለ የስፒከር ኩባንያ አቋቋመ። በ1970ዎቹም ኩባንያው ስፒከር ከራሱ የሚጨምረውን በኮምፒውተር መለካት ጀመረ።