ክዳን ያለው እንቡጥ

በቆሰበር ባሕር ዛፍን የማያውቅ ልጅ የለም። ይህ ዛፍ የመጣው ከባሕር ማዶ፥ ከአውስትራልያ አገር ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፥ በ1887 ዓ.ም. ገደማ፥ በአዲስ አበባ ማገዶ ስላነሰ ተተከለ። ቁመቱ ረጅም ነው፤ ለማገርና ለምሰሶ ይሆናል። አበባው ግን ነጭ ነው፤ ከፍ ብሎም ስለሚያብብ ከንብ በቀር የሚያስተውለው ጥቂት ነው።

በአውስትራልያ ምዕራብ የዚህ ዛፍ ወንድም አለ። እርሱ ቁጥቋጦ ነው፤ ቅጠሉ አመድ የተነሰነሰበት ይመስላል፤ ለምሰሶም አይመረጥም። እንቡጡ እንደ ቆብ ያለ ጠንካራ ክዳን አለው። እንቡጡን ብቻ ያየ ሰው ውበት አለው አይልም። ነገር ግን ጊዜው ሲደርስ ክዳኑ ይወድቃል፤ በውስጡ ታጥፈው የነበሩት ቀያይ ክሮች ይዘረጋሉ። የአበባውም ስፋት እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል።

በትምህርት ቤትም እንዲሁ ነው። አንዱ ልጅ ፊደልን ፈጥኖ ይለያል፤ ሌላው ይዘገያል። በዘገየው ልጅ የሚስቅ፥ ክዳኑ ሳይወድቅ እንቡጡን እንደሚቈርጥ ሰው ነው። ያፈረ ልጅ መጽሐፉን ይዘጋልና፤ በውስጡ ያለውንም ማንም ሳያየው ይቀራል። ስለዚህ ፈጥኖ ያነበበ፥ የዘገየውን ይጠብቀው፤ ያግዘውም።