የቴኳንዶ ሥነ ልቦናዊ ጥቅም እና የአሠለጣጠን ስልት፦ ለምዕራብ ሸዋ ከተሞች ምን ያመለክታል?

በአምቦ፣ በጉደር ወይም በጊንጪ ልጁን ቴኳንዶ ለማስመዝገብ የሚያመነታ ወላጅ ጥያቄው ግልጽ ነው፤ ሥልጠናው ልጁን ያረጋጋዋል ወይስ ጠበኛ ያደርገዋል? መልሱ ከስፖርቱ ስም ይልቅ በአሠለጣጠኑ ላይ የተመሠረተ ይመስላል።

ማይክል ትሩልሰን እ.ኤ.አ. በ1986 ባሳተመው ጥናት ሕግ የመተላለፍ ዝንባሌ የታየባቸውን ታዳጊ ወንዶች በ3 ቡድን ከፍሎ ለ6 ወራት ተከታትሏል። አንደኛው ቡድን ቴኳንዶን ከፍልስፍናውና ከተመስጦው ጋር፣ ሁለተኛው የፍልሚያ ስልቱን ብቻ ተማረ፤ ሦስተኛው ሩጫና ኳስ ተጫወተ። በአንደኛው ቡድን ጠበኝነትና ጭንቀት ቀንሶ ለራስ የሚሰጥ ግምት ሲጨምር፣ በሁለተኛው ጠበኝነት ብሷል። ሁለቱም ግን መምታትና መከላከልን ተምረዋል። በእርግጥ ተሳታፊዎቹ 34 ብቻ ስለነበሩ ውጤቱ በጥንቃቄ ሊታይ ይገባል። ሌክስና ሆይት እ.ኤ.አ. በ2004 ያሳተሙት ሰፋ ያለ ጥናትም ለ3 ወራት ቴኳንዶ የተማሩ ሕፃናት መደበኛውን የሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት ከተከታተሉት ይልቅ ራስን በመግዛት መሻሻላቸውን አሳይቷል።

ስለዚህ በአምቦና በአካባቢው የሚካሄድ ጥናት የሚሠለጥነውን ከማይሠለጥነው ጋር ብቻ ቢያነጻጽር አይበቃውም። ትሕትና፣ ታማኝነት፣ ጽናት፣ ራስን መግዛትና አይበገሬነት የተባሉት የቴኳንዶ መርሆዎች በእያንዳንዱ ክለብ ምን ያህል የሥልጠና ሰዓት እንደሚሰጣቸው መመዝገብ፣ መጠይቁንም በአፋን ኦሮሞ አዘጋጅቶ አስቀድሞ መፈተሽ ይኖርበታል።