አርባ ዜማ፣ አንድ ምስጋና



አንድ የመዘምራን ቡድን የተመሠረተበትን ቀን ሲያከብር ምን ይዘምር? የቆየውን ወይስ አዲሱን? ይህ ጥያቄ በእኛም መካከል ክርክር አስነሥቷል። ታላላቆቻችን «የጥንቱ ይበቃናል» ሲሉ፣ ታናናሾቹ «እስከ መቼ አንዱን እንደጋግማለን?» ይላሉ። እኔም ከታናናሾቹ ጋር ሆኜ ድምፄን ከፍ አድርጌ ተከራክሬአለሁ። ዛሬ ግን ከአንድ የእንግሊዝ አገር መዘምራን ቡድን የተማርሁትን ላካፍላችሁ እወዳለሁ።

ቡድኑ «ታሊስ ስኮላርስ» ይባላል። በ1973 እ.ኤ.አ. ፒተር ፊሊፕስ የተባለ ወጣት በኦክስፎርድ ከተማ አቋቋመው። አብዛኛውን ጊዜ አሥር ያህል ሆነው ያለ ሙዚቃ መሣሪያ ይዘምራሉ። ስሙ የተወሰደው ከቶማስ ታሊስ ነው። ታሊስ በ16ኛው መቶ ዓመት፣ በሕዳሴው ዘመን፣ በሁለት ነገሥታትና በሁለት ንግሥታት ሥር በቤተ መንግሥቱ ጸሎት ቤት ያገለገለ የዜማ ደራሲ ነበር። ያን ጊዜ የአገሩ የአምልኮ ሥርዓት ከዙፋኑ ጋር ይለዋወጥ ስለ ነበር፣ አንዴ በላቲን፣ አንዴ በእንግሊዝኛ ደረሰ። ቋንቋው ቢለወጥም ምስጋናውን አላቋረጠም።

ከሥራዎቹ እጅግ የሚደነቀው በ1570 ገደማ የደረሰው «ስፔም ኢን አሊዩም» ነው። በእግዚአብሔር ብቻ ተስፋ ስለ ማድረግ የሚናገር ሲሆን፣ የተጻፈው ለአርባ ድምፅ ነው። ዘማሪዎቹ በስምንት ክፍል፣ በየክፍሉ አምስት አምስት ሆነው ይቆማሉ። እያንዳንዱ የራሱ ዜማ አለው። አንዱ ይጀምራል፤ ሌላው ይከተላል፤ በኋላም አርባው በአንድነት ያዜማሉ። እንግዲህ ልብ እንበል፤ ከእነርሱ አንዱ «እኔ ልሰማ» ብሎ ቢጮኽ የሌሎቹ ዜማ ይጠፋል። እንዲህ ያለውን መዝሙር ለመዘመር ከጉሮሮ በፊት ጆሮ ያስፈልጋል።

ቡድኑ በ2013 እ.ኤ.አ. 40ኛ ዓመቱን ሲያከብር በጥንቱ ብቻ አልተወሰነም። አሜሪካዊው ኤሪክ ዊታከር ለበዓሉ «ሴንት ሻፔል» የተባለ አዲስ መዝሙር ደረሰላቸው። ስሙ በፓሪስ የሚገኝ በ1248 የተቀደሰ ጸሎት ቤት ነው። መዝሙሩ አንዲት ልጅ ወደዚያ ገብታ፣ በመስኮቶቹ ባለ ቀለም መስተዋት ላይ ያሉት መላእክት ሲዘምሩ እንደ ሰማች ይተርካል። መዝሙሩ አዲስ ነው፤ ቋንቋው ግን ጥንታዊው ላቲን ነው። መስተዋቱ የጥንት ነው፤ የሚያበራው ግን የዛሬ ፀሐይ ነው።

ወጣቶች ሆይ፣ የታሊስም መዝሙር በዘመኑ አዲስ ነበር። ያን ጊዜ ማንም ተቀብሎ ባይዘምረው ኖሮ ዛሬ ጥንታዊ ብለን የምናከብረው አይኖርም ነበር። አዲሱም ደራሲ ከጥንቱ ባይማር ኖሮ ያን መዝሙር ባልጻፈ። እኔ በክርክሩ የሳትሁት አዲስ መዝሙር በመፈለጌ አይደለም፤ ታላላቆቼን ሳላዳምጥ በመጮኼ ነው።

ለውይይት፦
1. ከታላላቆቻችሁ ለመማር የምትፈልጉት አንድ የቆየ መዝሙር የትኛው ነው?
2. በልምምድ ጊዜ ከጎናችሁ የቆመውን ሰው ድምፅ ትሰማላችሁን?