ምን አለሽ ተራ መቃብር አለ ተብሎ በርዎ በሌሊት ሲንኳኳ

«ጠበቃ፣ ጂን ይከሰሳል ወይ?»

ቀልድ ይመስላል፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ ይዞ የሚመጣ ሰው ግን ሳይስቅ ነው የሚጠይቀኝ። የተለያዩ ሰዎችን ችግር አንድ ላይ ቀምሬ፣ የማንም ማንነት እንዳይለይ አድርጌ ላቅርበው።

ባለጉዳያችን መርካቶ፣ ምን አለሽ ተራ ውስጥ በርሜል ቀዶ የከሰል ምድጃ የሚሠራ ሰው ነው እንበል። ከሱቁ ጀርባ ጠባብ ግቢ አለችው፤ ቁራሌው ከየሰፈሩ ለቅሞ ያመጣው ቆርቆሮ ተከምሮባታል። ከክምሩ ሥር ሦስት ድንጋይ የተደረደረበት ጥግ አለ። ገሚሱ ሰው «የአንድ ሼህ መቃብር ነው» ይላል። ገሚሱ «ጣሊያን ተቀብሮበታል» ባይ ነው። ጣሊያን ገበያውን ከአራዳ ጊዮርጊስ ወደዚህ ያዛወረው በወረራው ዘመን ስለሆነ ይህኛውም ወሬ ማረፊያ አላጣም። ጣሊያን ከተባለ ደግሞ የተቀበረ ወርቅ አይቀርም።

አሁን ስልክና መብራት የያዙ ወጣቶች በሌሊት እየመጡ «መንፈሱን እንቀርጻለን» ይላሉ። አንደኛው የሚጮህ መሣሪያ ይዟል፤ ድንጋዮቹ ጋ ሲደርስ ጮኸ፣ ቪዲዮውም ተሰራጨ። በነገራችን ላይ ምን አለሽ ተራ መሬት ላይ ብረት የሚለይ መሣሪያ ጮኸ ማለት ዓባይ ውስጥ ገብቶ እግሬ ረጠበ እንደማለት ነው። የዚያ አፈር ግማሹ ምስማርና የቆርቆሮ ቁራጭ ነው።

ወደ ሕጉ ስንገባ፣ ጂን አለ ወይስ የለም የሚለውን ፍርድ ቤት አይነካውም። የሚጠይቀው ቦታው በማን እጅ ነው፣ ማን ገባ፣ በማን ፈቃድ ነው። ሰዎች ግን ፖሊስ ጣቢያ ሲሄዱ ስለ መንፈሱ ሲያስረዱ ያመሻሉ፤ መርማሪው ይስቃል፣ አቤቱታውም ይቀልላል። ስለ መቃብሩ አንድም ቃል ሳይናገሩ «ያለ ፈቃዴ ግቢዬ ገቡብኝ» ማለት ይበቃል።

እዚህ ላይ ወጣቶቹ የሚመዙት ክርክር አለ፦ «መሬት የመንግሥት ነው፤ አንተ ማን ነህ ከልካይ?» ግማሹ እውነት ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። ባለጉዳያችን እንደ ብዙዎቹ የመርካቶ ነጋዴዎች በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ 47 ከተወረሱት የቀበሌ ቤቶች አንዱን የተከራየ ሊሆን ይችላል፤ እንደዚያ ከሆነ ቤቱም የእሱ አይደለም። ይህ ሁሉ ግን ለክርክሩ አይረዳቸውም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከባለቤትነት ለይቶ ይዞታን ራሱን ይጠብቃል። አንቀጽ 1140 ይዞታን ሰው በአንድ ነገር ላይ በእርግጥ ያለው አዛዥነት አድርጎ ነው የሚያየው። የግቢው ቁልፍ በእጅዎ ከሆነ፣ ኪራይ የሚከፍሉ ከሆነ፣ ቆርቆሮዎ እዚያ ከተከመረ፣ መከልከል ይችላሉ። የቤቱ ባለቤት እስኪመጣም አይጠብቁም።

መከልከሉ ግን በግልጽ መሆን አለበት። በሌላ ሰው ቦታ መግባትን የሚመለከተው አንቀጽ 2053 ጥፋት ተፈጽሟል የሚለው የባለይዞታውን በግልጽ የተነገረ ፈቃድ ተቃርኖ የገባን ሰው ነው። መርካቶ ደግሞ በሩ ሁሉ ገርበብ ያለ፣ «ምን አለሽ?» እያለ የሚገባ የሚወጣው የማያልቅበት ገበያ ነው። በቀን ሱቅዎ የገባ ሰው ጥፋተኛ አይደለም፤ ገበያ ነውና። ስለዚህ ከሱቁ ወደ ግቢው በሚያሳልፈው በር ላይ «ያለ ፈቃድ መግባትና መቅረጽ ክልክል ነው» ብለው ይጻፉ። ሲመጡም ጎረቤት በሚሰማበት በቃል ይድገሙት። ማስታወቂያውን ከነቀኑ በስልክዎ ያንሱት። ከዚያ በኋላ የገባ ሰው አላወቅሁም ማለት ይከብደዋል። በወንጀል በኩልም የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 604 የሰውን ቤትና ግቢ መድፈርን ይቀጣል። የግል አቤቱታ የሚጠይቁ ወንጀሎች የሦስት ወር ገደብ ስላላቸው፣ «ነገ እሄዳለሁ» እያሉ አያሳድሩት።

ሌሊት ግቢዎ ውስጥ ቢያገኟቸውስ? የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1148 ባለይዞታ የሚነጥቀውን ወይም የሚያውከውን ሰው በኃይል እንዲመልስ ይፈቅዳል፤ ኃይሉ ግን ሁኔታው ከሚጠይቀው አያልፍም። እጁን ይዘው ከበር ማስወጣት አንድ ነገር ነው። ስልኩን በመዶሻ መፍለጥ ሌላ ነው፤ መዶሻ በየደጁ ባለበት ሰፈር ይህን የምለው በከንቱ አይደለም። ስልኩን የሰበሩ ቀን ከሳሽ መሆንዎ ቀርቶ ተከሳሽ ይሆናሉ። መመላለሱ ካልቆመ አንቀጽ 1149 ሁከት ይወገድልኝ ብለው እንዲከሱና ካሳ እንዲጠይቁ መንገድ ይከፍታል። ለዚህ ሁለት ዓመት አለዎት።

ቀረጻው ላይ ግን የማያስደስት ነገር ልናገር ነው። ከመንገድ ቆመው የሱቅዎን ፊት ቢቀርጹ የሚከለክል አንቀጽ አላገኝልዎትም። ሕጉ የሚጠብቀው የሰውን መልክ እንጂ የቆርቆሮን መልክ አይደለም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 27 የሰው ምስል ያለ ፈቃዱ ለሕዝብ አይታይም፣ አይባዛም፣ አይሸጥም። አንቀጽ 28 ደግሞ በአደባባይ ለተፈጸሙ ወይም የሕዝብ ጥቅም ላላቸው ጉዳዮች ልዩ ሁኔታ ያስቀምጣል። ሠራተኛዎ ግቢው ውስጥ ምድጃ ሲቀጠቅጥ ፊቱ ተቀርጾ «መንፈሱ የያዘው ልጅ» ተብሎ ከወጣ፣ ምስሉ እንዲነሳ የሚጠይቀው ራሱ ሠራተኛው ነው። እርስዎ ስለ እሱ መክሰስ አይችሉም።

ስም ማጥፋትም እንዲሁ ነው። አንቀጽ 2044 በሕይወት ያለን ሰው የሚያስጠላ፣ የሚያስንቅ ወይም መሳቂያ የሚያደርግ ንግግርን ይመለከታል። «ግቢው ጂን አለበት» የሚለው ስለ ግቢው የተነገረ ነው። «ባለሱቁ ደም እያፈሰሰ ይገብርለታል» ካሉ ግን ስለ እርስዎ ተናግረዋል። ካሳው ላይ ብዙ ተስፋ አልሰጥዎትም፤ አንቀጽ 2116 ለሕሊና ጉዳት የሚከፈለው ከአንድ ሺህ ብር እንዳይበልጥ ወስኗል። በ1952 ዓ.ም. ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ የጠበቃ ታክሲ ነው። ስለዚህ የሚታይ ኪሳራ ያስረዱ፦ የቀረ ትዕዛዝ፣ የተመለሰ ቀብድ፣ ደረሰኝ። ለዚህ ክስም ገደቡ ሁለት ዓመት ነው።

ወሬ ዋጋ እንደሚያወርድ በሌላ አገር ፍርድ ቤትም ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1991 የኒው ዮርክ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት፣ ሻጭዋ ራሷ «መናፍስት አሉበት» ብላ በጋዜጣ ስታስወራለት የኖረችን ቤት ይህን ሳይሰማ የገዛ ሰው ውሉን እንዲያፈርስ ፈቅዶለታል። ለእርስዎ የሚሆነው ቁም ነገር ራስ ያስወሩት ወሬ መልሶ እንደሚይዝ ነው፦ ወጣቶቹን አስገብተው የመግቢያ ሂሳብ ሲሰበስቡ ከርመው በኋላ «ስሜን አጠፉ» ብለው ቢመጡ ዳኛው በጥርጣሬ ነው የሚያይዎት። ገንዘብ ተቀብለው አንድ ሌሊት ከፈቀዱም ውል ነው፤ ባይጻፍም ውል ነው። ሰዓቱን፣ የሚቀረጸውን፣ ማን ፊቱን እንደሚያሳይ በወረቀት ያስፍሩት።

የምፈራው ቁፋሮውን ነው። ብዙ ባለጉዳይ በመጨረሻ የሚለው «ቆፍሬ ልገላገል» ነው። ተው! የወንጀል ሕጉ የሙታንን ዕረፍትና ክብር መድፈርን ራሱን የቻለ ወንጀል አድርጎታል፤ ባለይዞታም ይሁን እንግዳ ለይቶ አያይም። በለንደን ሃይጌት መቃብር እ.ኤ.አ. በ1970 ቫምፓየር (ደም መጣጭ መንፈስ) አለ ተብሎ ሕዝብ አጥር ዘሎ ገብቶ ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ ከቫምፓየር አዳኞቹ አንዱ የተፈረደበት የመቃብር ሐውልት በማበላሸትና የሙታንን አጽም በመንካት ነው። ቫምፓየሩን በማግኘቱ ወይም ባለማግኘቱ አይደለም።

ግንባታ ጀምረው አጽም ወይም የቆየ ዕቃ ቢወጣ ሥራውን ያቁሙና ለፖሊስ ያሳውቁ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209 በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ለቅርስ ባለሥልጣን እንዲያሳውቅ ያስገድዳል፤ ቅርስ ፍለጋ መቆፈርም ፈቃድ ይጠይቃል። የጣሊያን ወርቅ ፈላጊውም ከዚህ አያመልጥም። «መንፈሱ ወርቁን እንዲለቅ በቅድሚያ ይህን ያህል ክፈል» የሚል ሰው ከመጣ ደግሞ ገንዘብዎን ይያዙ። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 692 ማታለልን የሚቀጣው ለእንዲህ ያለው ነው፤ መልእክቱን አያጥፉት፣ በባንክ የላኩለት ካለ ማስረጃውን ያስቀምጡ።

አንድ ነገር ቀረ፤ ዘበኛው። ወጣቶቹ በሌሊት እንዴት እንደገቡ ስንጠይቅ በሩ ሳይሰበር ተገኝቶ ዘበኛው ትንሽ ብር ተቀብሎ የከፈተላቸው ሆኖ ከወጣስ? የዘበኛ ፈቃድ የእርስዎ ፈቃድ አይደለም። ወጣቶቹ ግን «ከፍተውልን ነው የገባነው» ይላሉ፣ ክርክርዎም እዚያው ላይ ይላላል። እንግዲህ ከጣቢያው በፊት ከእሱ ጋር ይነጋገሩ፤ ከሥራ ሰዓት ውጭ ማንንም እንዳያስገባ በጽሑፍ አዘው ያስፈርሙት፣ ቅጂውንም ይያዙ።