በጭንቅ ቀን እግዚአብሔርን በየትኛው በር እንጠብቀው?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የዐቢይ ጾም አራተኛው ሰንበት መጻጉዕ እንደሚባል ታውቃላችሁ። መጻጉዕ ማለት ድውይ፣ የአልጋ ቁራኛ ማለት ነው። በዚያ ሰንበት የምናስበው በቤተ ሳይዳ መጠመቂያ አጠገብ ተኝቶ የነበረውን፣ 38 ዓመት የታመመውን ሰው ነው (ዮሐ. 5፥1-9)። ጌታችን ወደ እርሱ ቀርቦ መዳን ይፈልግ እንደ ሆነ ሲጠይቀው ሰውየው አዎን እንኳ አላለም። ውኃው ሲናወጥ ወደ ውስጥ የሚያወርደው ሰው እንዳጣ፣ ሁልጊዜም ሌላው እንደሚቀድመው ነው የተናገረው። እስቲ ልብ በሉ! የሚፈውሰው ጌታ ፊት ለፊቱ ቆሞ እርሱ የሚያስበው ስለ ውኃው ነው። ያን ሁሉ ዘመን አንድ በር ብቻ ሲጠብቅ ስለኖረ ሌላ በር ያለ አልመሰለውም። ጌታ ግን በዚህ አልተቆጣውም። ተሸክሞም ወደ ውኃው አላወረደውም። በቃሉ አስነሣው፤ አልጋውን አሸክሞ ሰደደው።

ይህን ታሪክ ያነሣሁት በዚህ ሰፈር ስለምናየው ነገር ነው። ጦር ኃይሎች ላይ ከታክሲ ወርደው ወደ ሆስፒታሉ የሚያመሩትን ሰዎች አስተውላችሁ ታውቃላችሁ? አንዷ ፔርሙስና የምሳ ዕቃ በፌስታል ይዛለች። አንዱ የራጅ ፊልም በብብቱ ሸጉጧል። በሩ ላይ ቆም ብሎ የሚያማትብ አለ፤ ከሌላው እጅ ደግሞ የጸበል ጠርሙስ አይጠፋም። እንደነዚህ ያሉ ወገኖች ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲመጡ ለእኛ ለአገልጋዮች የሚያቀርቡት ጥያቄ ብዙውን ጊዜ ከሁለት አይበልጥም። አንደኛው፣ «ዲያቆን፣ እግዚአብሔርን አምኜ እየጸለይኩ መድኃኒት ብውጥ እምነቴ ጎድሏል ማለት ነው?» የሚል ነው። ሁለተኛው፣ «ይኸው ስንት ወር ጸለይኩ፤ ምንም የለም። አልሰማኝም ማለት ነው?» ይላል። ጥያቄዎቹ የተለያዩ ይመስላሉ እንጂ ምንጫቸው አንድ ነው። ሁለቱም እግዚአብሔር የሚመጣበትን በር አስቀድመው ወስነዋል።

ለመጀመሪያው ጥያቄ ከንጉሡ ከሕዝቅያስ የተሻለ መምህር አላገኘሁም። ሕዝቅያስ ለሞት እስኪደርስ ታመመ። ነቢዩ ኢሳይያስም መጥቶ እንደማይድን፣ ቤቱንም እንዲያሰናዳ ነገረው። ንጉሡ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ጸለየ፤ አምርሮም አለቀሰ። ነቢዩ ገና ከግቢው ሳይወጣ የእግዚአብሔር ቃል መልሶ ላከው። ጸሎቱ ተሰምቷል፣ እንባው ታይቷል፣ በዕድሜውም ላይ 15 ዓመት ተጨምሮለታል (2ኛ ነገ. 20፥1-7)። ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል? የተስፋው ቃል ከእግዚአብሔር አፍ ወጥቷል እኮ! ታዲያ ነቢዩ ቀጥሎ ምን አዘዘ መሰላችሁ? የበለስ ጥፍጥፍ አምጥተው በቁስሉ ላይ እንዲያደርጉለት ነው። ሕዝቅያስ «ጸሎቴ ተሰምቶ የለም ወይ፣ በለሱ ለምን?» አላለም። በለሱን የፈጠረውም፣ ዕድሜውን የጨመረለትም አንዱ እግዚአብሔር ነውና። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38ም የሚያስተምረን ይህንኑ ነው። ታማሚው ወደ እግዚአብሔር እንዲጸልይ፣ ከኃጢአትም እንዲርቅ ይመክረዋል፤ ከዚያ ለሐኪሙ ቦታ እንዲሰጥ ይነግረዋል፤ መድኃኒትን ከምድር ያስገኘ እግዚአብሔር መሆኑንም ይመሰክራል።

በከተማችንም ይህ ጥያቄ ብዙ ነፍስ ያስጨነቀበት ጊዜ ነበር። የኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት በ1997 ዓ.ም. በነጻ መሰጠት ሲጀምር እንጦጦ ማርያም ጸበል የሚጠመቁ ሕሙማን ብዙ ነበሩ። ከእነርሱም መካከል መድኃኒቱን መዋጥ ጸበሉን መካድ የመሰላቸው፣ ጀምረውት የተዉትም ነበሩ። በ1999 ዓ.ም. በነሐሴ 2004 ዓ.ም. ያረፉት ፓትርያርክ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ጸበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታ እንደሆኑ፣ አንዱ ሌላውን እንደማይቃወም፣ መድኃኒቱን መውሰድም ኃጢአት እንዳልሆነ በግልጽ አስተማሩ። ይህ ትምህርት ዛሬ የስኳር፣ የደም ግፊትና የአእምሮ ሕመም መድኃኒት ለሚወስዱ ወንድሞችና እኅቶችም ይሠራል። «መድኃኒትህን ጣልና እመን» የሚልህ ሰው ቢመጣ፣ ወንድሜ ሆይ፣ ምንም ያህል መንፈሳዊ ቢመስልህ ቃሉን አትቀበል። ሕዝቅያስን የሚበልጥ እምነት እንዳለው ጠይቀው።

ይህን ስል ግን ጸበልን ማቃለሌ አይደለም፤ እግዚአብሔር ይጠብቀኝ! ጌታችን ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው በሰሊሆም ውኃ እንዲታጠብ ልኮ አብርቶለታል (ዮሐ. 9፥1-7)። ለመጻጉዕ ውኃውን ተወው፤ ለዚህኛው ደግሞ በውኃ አደረገለት። ምሥጢረ ቀንዲልም አለን። ቀንዲል ለሚሞት ሰው ብቻ የሚደረግ የሚመስለው ሰው አለና ካህን ለመጥራት ይፈራል፤ ሐዋርያው ያዕቆብ ግን ድውዩ እንዲነሣ ነው የቤተ ክርስቲያንን ቀሳውስት ጠርቶ በዘይት እየቀቡ እንዲጸልዩለት ያዘዘው (ያዕ. 5፥14-15)።

ሁለተኛው ጥያቄ ከበድ ይላል፤ ቶሎ መልስ የሚሰጥበትም አይደለም። ልጅዋ አልጋ ላይ ያለችባትን እናት «እምነትሽ ቢጸና ኖሮ ትድን ነበር» ማለት በቁስል ላይ ጨው መነስነስ ነው። ቅዱስ ጳውሎስን እናስበው። ከአካሉ የተወሰደ ጨርቅ ሕሙማንን ይፈውስ ነበር (የሐዋ. 19፥12)። ሆኖም ስለራሱ ሥጋ መውጊያ ሦስት ጊዜ ለምኖ አልተወሰደለትም፤ የተሰጠው ጸጋው እንደሚበቃው የሚናገር ቃል ነው (2ኛ ቆሮ. 12፥7-9)። የአገልግሎት ጓደኛውን ጥሮፊሞስንም ታሞ ሚሊጢን ላይ ትቶት ሄዷል (2ኛ ጢሞ. 4፥20)። ጢሞቴዎስን ደግሞ ስለ ሆዱና ደጋግሞ ስለሚያመው ሕመም ጥቂት ወይን እንዲጠጣ መክሮታል (1ኛ ጢሞ. 5፥23)። ጳውሎስ እምነት አነሰው የሚል ማን ነው?

ታዲያ መልስ ሲዘገይ እንዴት እንጸልይ? እንዳመመን እንጸልይ። ለእግዚአብሔር አሳምረን መናገር የለብንም። ቅዱስ ዳዊት በመዝሙር 12 ላይ ጊዜው እንደረዘመበት፣ የተረሳም እንደመሰለው አራት ጊዜ እየደጋገመ ይጠይቃል፤ በዚያው መዝሙር መጨረሻ ግን በምሕረቱ እንደታመነ ይናገራል። መካከሉ ላይ ሕመሙ መዳኑ አልተጻፈም። ሐናም በቤተ መቅደስ ከንፈሯ ብቻ እየተንቀሳቀሰ ስታለቅስ ካህኑ ዔሊ ሰክራለች ብሎ ነበር (1ኛ ሳሙ. 1፥9-17)። ጌታችን ራሱ በጌቴሴማኒ ያንኑ ቃል ደግሞ ደጋግሞ ጸልዮአል (ማቴ. 26፥44)። ስለዚህ «ትናንት የጸለይኩትን ዛሬ እንዴት ልድገመው» ብላችሁ አትፈሩ። ስለትም መልካም ነው፣ ሐናም ተስላለች፤ ከእግዚአብሔር ጋር ዋጋ እንደምንነጋገር ካደረግነው ግን ጸሎት መሆኑ ቀርቶ ንግድ ይሆናል።

በሽተኛ እያስታመመ ኪዳንና ቅዳሴ ያመለጠው ሰውም አይጨነቅ። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና በመጣበት ዐቢይ ጾም፣ ሰሙነ ሕማማትን እንኳ ብዙዎቻችን በየቤታችን ሰግደን አሳልፈናል፤ እግዚአብሔር ያን ጸሎት አልናቀውም። የካርድ ወረፋ ላይ ቆሞ «እግዚኦ ተሣሃለነ» ማለት ይቻላል። ጾሙንም በሚመለከት፣ መድኃኒቱ ከምግብ ጋር የሚወሰድ ከሆነ ታማሚው በራሱ ፈቃድ አይቋረጥ፤ ለንስሐ አባቱ ይንገር። ቤተ ክርስቲያን በበሽተኛ ላይ ጾምን እንደምታቀል ፍትሐ ነገሥታችን ደንግጓል።

ደግሞም መጻጉዕ ያጣው ሰውን ነበር። በሰንበት ከቅዳሴ ስትወጡ፣ የጥየቃ ሰዓት ደርሶ ከሆነ፣ ጦር ኃይሎችም ይሁን ሌላ ሆስፒታል ጎራ በሉ። የራሳችሁን በሽተኛ ከጠየቃችሁ በኋላ ጠያቂ የሌለው ከጎኑ የተኛ እንዳለ ዞር ብላችሁ እዩ። ብዙ ማውራት አያስፈልግም፤ ያደክመዋል። ኦርቶዶክሳዊ ከሆነ ግን የክርስትና ስሙን ጠይቃችሁ በወረቀት ያዙ፤ ካህኑ በጸሎት የሚያስበው በእርሱ ነውና።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር
ወለወላዲቱ ድንግል
ወለመስቀሉ ክቡር
አሜን።