ሕፃናትን ሒሳብ ስለ ማስተማር

ሒሳብ ለነጋዴና ለጸሐፊ ብቻ የተተወ ዕውቀት አይደለም። ገበሬም እህሉን ሲሰፍር፥ ከብቱን ሲሸጥ፥ ዕዳውን ሲከፍል ያለ ሒሳብ አይሆንለትም። ስለዚህ ሕፃን መደመርንና መቀነስን፥ ማባዛትንና ማካፈልን ከነምክንያታቸው ይማር ዘንድ ይገባል። በቃሉ ብቻ ያጠናው እንደ ሆነ ጥያቄው ጥቂት በተለወጠ ጊዜ ይጠፋበታልና።

አንድ ገበሬ 52 ብር ተበድሮ 38 ብር ከፈለ እንበል። የቀረውን ዕዳ ልጁ እንዲያሰላለት ቢጠይቀው፥ ልጁ ከ2 ላይ 8 አልቀነስ ሲለው ገልብጦ ከ8 ላይ 2 ይቀንሳል፤ ከ5 ላይም 3 ቀንሶ 26 ብሎ ይጽፋል። እውነተኛው ግን 14 ነው። አባት ልጄ ተምሯል ብሎ ቢያምነው 12 ብር ያለ ዕዳው ይከፍላል። ይህ ስሕተት በብዙ ሕፃናት ዘንድ ይታያል፤ የሚመጣውም ከስንፍና ሳይሆን የአሥርን ነገር ካለማስተዋል ነው።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። አስተማሪው ስንጥር ያስለቅም፤ ልጆቹም አሥር አሥሩን በልጥ አስረው ያስቀምጡ። 52 ማለት አምስት እስርና ሁለት ስንጥር ነው። ስምንት ለማንሣት ሁለቱ ስለማይበቁ አንዱ እስር ይፈታል፤ ያን ጊዜ አራት እስርና አሥራ ሁለት ስንጥር ይሆናል። ከዚያ ሦስት እስርና ስምንት ስንጥር ሲነሣ አንድ እስርና አራት ስንጥር፥ ይኸውም 14 ይቀራል። ልጁ በእጁ የፈታውን በኋላ በሰሌዳ ላይ ሲያየው አይረሳውም።

የግዕዝ ቁጥር ተምሮ ለመጣ ልጅ ደግሞ አንድ ልዩነት ሊነገረው ይገባል። በግዕዝ 52 ሲጻፍ ፶፪ ነው፤ አምሳው የራሱ ምልክት አለው። በፈረንጅ ቁጥር ግን 5 አምሳ የሚሆነው በቆመበት ስፍራ ነው፤ በግዕዝ የሌለው ዜሮም ባዶውን ስፍራ ይጠብቃል።

መደመርም በአሥር ይቀላል። 8 እና 5 ሲደመሩ ከ5ቱ ላይ 2 ለ8 ተሰጥቶ 10 ይሞላል፤ የቀረው 3 ሲታከል 13 ይሆናል። ለማባዛት ባቄላ በ7 ረድፍ፥ በየረድፉ 6 ፍሬ ይደርደር። አምስቱ ረድፍ 30፥ ሁለቱ ረድፍ 12፥ በጠቅላላው 42 ነው። ይኸው 42 ፍሬ ለ6 ልጆች እኩል ቢታደል ለእያንዳንዱ 7 ይደርሰዋል፤ በዚህም ማካፈል የማባዛት መመለሻ መሆኑ ይገለጥለታል።

ልጅ ሒሳቡን ሳይመረምር እንዳያስረክብ ይለመድ። 14 እና 38 ቢደምር 52 ያገኛል፤ 26 እና 38 ቢደምር ግን 64 ስለሚሆን ስሕተቱን ራሱ ያውቀዋል። የተሳሳተውም አይመታ፤ እንዴት እንዳገኘው ይጠየቅ እንጂ። ሽማግሌዎችም በገበያ ቀን ልጆቹን አስከትለው ቢያስቆጥሯቸውና ቢያስደምሯቸው አስተማሪውን እጅግ ይረዱታል። መርምሮ የሚያሰላ ልጅ የቤተ ሰቡ ንብረት ጠባቂ ነው።