ልጄ ምን ይማር?

ጥያቄ፦ ልጄ 11ኛ ክፍል ነው። እዚሁ ድሬ ዳዋ ሥራ እንዲያገኝ ምን ቢማር ይሻላል? (እናት፣ ከሳቢያን)

መልስ፦ እህቴ፣ የትምህርቱን ዓይነት ከመምረጣችሁ በፊት ከተማዋን አብራችሁ እዩ። ድሬን የወለዳት ባቡር ነው፤ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡርም ከጅቡቲ ወደብ ያገናኛታል። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ የአገሪቱ የመጀመሪያው ነፃ የንግድ ቀጠና እዚሁ ተከፈተ። ስለዚህ ትራንዚት፣ የመጋዘን አያያዝ፣ ኤሌክትሪክና የማሽን ጥገና ደጃችሁ ላይ ያሉ ሙያዎች ናቸው። ዩኒቨርሲቲ ብቻ አይታይዎት፤ ቴክኒክና ሙያ ገብቶ እጁን የፈታ ልጅ ቶሎ ራሱን ይችላል ብዬ ከልቤ አምናለሁ። በክረምቱ የሚያውቁት ትራንዚተር ወይም ኤሌክትሪሺያን ዘንድ ያሰንብቱት፤ የሥራውን ድካምም ይየው። ቋንቋውን ግን አደራ! አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማልኛ ከሰፈር ጓደኞቹ የለመደ የድሬ ልጅ ትልቅ ሀብት ይዟል፤ እንግሊዝኛና ኮምፒዩተር ከአሁኑ ይጨምርበት።